የደጋ ሰዓትና የቆላ ሰዓት



ወደ ጎጃም በመኪና ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ፍቼን አልፋችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ መሬቱ በድንገት ያልቅና የዓባይ በረሃ ከፊታችሁ ይዘረጋል። መኪናው እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ ያው ሹራብ ተመልሶ ይፈለጋል። ከደጀን የቢቸናን መንገድ ለያዘ ሰው ዲማ ሩቅ አይደለችም።

በዚህ መንገድ ላይ ማንም ተሳፋሪ የማያስተውለው አንድ ነገር ይሆናል። ድልድዩ አጠገብ ያለ ሰዓት ደጋው ላይ ካለው ሰዓት ዝግ ብሎ ይሄዳል። ባትሪው ስለ ደከመ ወይም ሙቀቱ ስላወከው እንዳይመስላችሁ፤ እንከን የሌለበት ሰዓት ብትወስዱም ያው ነው። ከታች ዝግ የሚለው ራሱ ጊዜው ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ከኋላ ወንበር፣ «ቲቸር፣ እንግዲያው ቆላ ወርደን እንኑር፣ አናረጅም!» የሚል አይጠፋም። ልጁ አልተሳሳተም፤ ችግሩ የሚያተርፈው ጊዜ ማነሱ ነው። በወንዙ ዳርና በደጋው መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት በግርድፉ 1400 ሜትር ብንለው፣ የደጋው ሰዓት የቆላውን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚቀድመው በሰከንድ 4.8 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በ70 ዓመት ተጠራቅሞ የአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ሢሶ ይሆናል። ዓይንን ለማርገብገብ እንኳ አይበቃም።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ለባለትዳሮች ምን ይረባናል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ይህን ቁጥር ይዤ የሄድኩት ዲማ አባቴ ዘንድ ነው፤ ቁጥሩም ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የነበረ በር ከፍቶልኛል።

አባቴና ጥላው

ዲማን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመስለኛል። ፊታውራሪ መሸሻና ልጃቸው ሰብለ የሚኖሩባት፣ ጉዱ ካሣ እንደ እብድ እየተቆጠረ የሚናገርባት አገር ናት። ሐዲስ ራሳቸውም በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። አካባቢው በቅኔ የታወቀ ነው፤ ከየአገሩ ኩርማን እየለመነ ሊማር የሚመጣው ልጅ ብዙ ነበር።

አባቴም ከእነዚያ አንዱ ነው። ቄስ አልሆነም፤ ቅኔውንም ጀምሮ አቋረጠው። ባሕረ ሐሳብን ግን አልለቀቀውም። ይህ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ፀሐይንና ጨረቃን አስማምቶ የሚያሰላው የአገራችን ሒሳብ ነው። 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር እያለ በጣቶቹ አንጓ ላይ ሲቆጥር አድጌአለሁ።

በቤታችን ሰዓት አልነበረም። አባቴ ቀኑ ምን ያህል እንደ ሄደ ማወቅ ሲፈልግ ግቢው መካከል ቆሞ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል። የጥላውን ጫፍ በዓይኑ ምልክት ያደርግና እግር በእግር እያስከተለ በጫማው ይለካዋል። ወሩን ያውቀዋል፤ የጫማውን ቁጥር ከወሩ ጋር አገናዝቦ ሰዓቱን ይናገራል። እኔ አጭር ልጅ ስለነበርኩ ጥላዬም አጭር ነውና ሒሳቡ የሚበላሽብኝ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን እግርህም እንደ ቁመትህ አጭር ስለሆነ ልክ ይመጣል ብሎ አሳየኝ። የመጀመሪያው የፊዚክስ መምህሬ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከሁሉ ያስገርመኝ የነበረው ግን የዕለት አከፋፈሉ ነው። ቀንና ሌሊቱ አንድ ላይ 60 ኬክሮስ ነው። አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ እንዲሁ በ60 እየተከፈለ ራብዒት፣ ኃምሲት፣ መጨረሻ ላይ ሳድሲት ይመጣል። በእኛ ሰዓት ሲመነዘር ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ሳድሲት ግን የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። «አባባ፣ ሳድሲትን ማን ለክቶት ያውቃል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አይለካም፤ ይታሰባል እንጂ» ይለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ጌታን ተቀበልኩ። ይህ በአባቴ ቤት ምን እንዳመጣ ብዙዎቻችሁ ከየቤታችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። እሱ አልረገመኝም፤ እኔም አልተሳደብኩም። ግን የምንነጋገርበት ነገር አለቀብን። ስንገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራና ዝም እንላለን። «ጊዜ የለኝም» የምትለዋን ሰበብ ተማርኩና መንገዱን ራሴ አራቅሁት። በየሳምንቱ የአገልግሎት ፕሮግራም ነበረኝ፤ ለዲማ ግን ቀን አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት እናቴ መርሳት ጀመረች። ያን ጊዜ ሄድኩ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን የጤፉ ወሬ ሲያልቅ፣ «አባባ፣ ሳድሲት ተለካ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ለስንት ዓመት እንደዚያ አላየኝም ነበር። «ማን ለካው?» አለ። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁን ያን ማታና በማግሥቱ ቀስ እያልኩ ለእሱ የነገርኩት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለቱ ችቦዎች

ከ200 ዓመት በላይ ሳይንስ የሚያምነው ኒውተን በ1687 ባሳተመው ሐሳብ ነበር። በዚያ ሐሳብ ጊዜ በሰማይም በምድርም ለሁሉም እኩል ይፈሳል፤ ማንም አያፈጥነውም፣ ማንም አያዘገየውም። ይህን ያልተቀበለው አልበርት አንስታይን በ1905 የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስላልሰጠው በስዊዘርላንድ በቤርን ከተማ በፓተንት ቢሮ ተቀጥሮ የሰዎችን የፈጠራ ማመልከቻ ይመረምር ነበር። እዚያው ቢሮ ሚኬሌ ቤሶ የሚባል መሐንዲስ ጓደኛ ነበረው። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ ይከራከራሉ። በዚያ ዓመት በወጣው ታዋቂ ጽሑፉ መጨረሻ አንስታይን በስም ያመሰገነው አንድ ሰው ቤሶን ብቻ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ነገሩን ለአባቴ ያስረዳሁት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ነው። ራቅ ራቅ ባሉ ሁለት ኮረብቶች ላይ ችቦ ተለኮሰ እንበል። ልክ መካከላቸው የቆመ ሰው ሁለቱን ብርሃን እኩል አየና «አንድ ጊዜ ተለኮሱ» አለ። በዚያው ቅጽበት በአጠገቡ እጅግ ፈጣን በሆነ ፈረስ ወደ አንደኛው ኮረብታ የሚጋልብ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ወደ አንዱ ብርሃን እየቀረበ፣ ከሌላው እየሸሸ ስለሆነ የፊተኛውን ቀድሞ ያየዋል። «እሱማ እየጋለበ ስለሆነ ነው» እንዳንል አንድ ነገር ይከለክለናል፤ ብርሃን ለቆመውም ለሚጋልበውም ፍጥነቱ ያው ነው፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር። ስለዚህ ፈረሰኛው «የፊተኛው ቀድሞ ተለኮሰ» ቢል የሚያሳፍረው ስሕተት የለበትም። «እኩል ሆነ» የምንለው ነገር እንደ ተመልካቹ አካሄድ ይለያያል ማለት ነው።

አባቴ እዚህ ላይ አስቆመኝ። «ፈረሱ ምን ያህል ይፈጥናል?» አለ። የእኛ ፈረስ አይበቃም፣ ልዩነቱ የሚታየው ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጉ ነው አልኩት። «እንግዲያው በጎጃም ፈረስ ጉዳይ የለበትም» ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛው እርምጃ ስለ ስበት ነው። አንስታይን በ1907 እዚያው ቢሮ ተቀምጦ፣ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው በሚወድቅበት ጊዜ የራሱ ክብደት አይሰማውም የሚል ሐሳብ መጣለት። ከዚህች ቀላል ከምትመስል ሐሳብ ተነሥቶ ስምንት ዓመት ደክሞ በኅዳር 1915 የስበት ንድፈ ሐሳቡን ፈጸመ። ወደ መሬት በቀረብን መጠን ጊዜ ዝግ የሚለው በዚህ ሕግ ነው። እንግዲህ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው ሰዓት የሚዘገየው ወደ ምድር መካከል ቀረብ ስላለ ነው።

«ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ ማን አየው?» ትሉ ይሆናል። በ1960 ሁለት ሳይንቲስቶች በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ በ22.5 ሜትር ከፍታ ልዩነት ብቻ ውጤቱን ለኩት። በ1971 ደግሞ ሁለት ሌሎች ሰዎች አራት አቶሚክ ሰዓቶችን በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ፣ አንዴ ወደ ምሥራቅ አንዴ ወደ ምዕራብ። ለሰዓቶቹም ወንበር ተገዛላቸው፤ ትኬቱ ላይ የመንገደኛው ስም «አቶ ሰዓት» ተብሎ ነበር! ሲመለሱ በምድር ከቆዩት ሰዓቶች ጋር አልገጠሙም። በምሥራቅ የሄዱት 59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው፣ በምዕራብ የሄዱት 273 ያህል ቀድመው ተገኙ። ስሌቱ የሚለውም ወደዚያው ነበር። በ2010 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንዱን ሰዓት ከሌላው 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ልዩነቱን አዩ። በ2022 በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለውን ልዩነት ለኩት። አንድ ሚሊ ሜትር! የጤፍ ፍሬ ያህል መሆኑ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በስልካችሁ ታክሲ ስትጠሩ ይህን ሒሳብ ትጠቀሙበታላችሁ። ቦታችሁን ለስልኩ የሚነግሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታቸው ሰዓታቸውን በቀን 45 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያስቀድመዋል፣ ፍጥነታቸው 7 ያህል ይቀንስበታል፤ የተጣራው 38 ነው። ይህ ባይታረም ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ቦሌ የጠራችሁት ታክሲ ሰበታ ይፈልጋችሁ ነበር ማለት ነው።

ለሁሉም ያው የሆነው

አንድ የጋብቻ ምክር ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። ባል ለሚስቱ ዋሽቶ ነበርና ነገሩ ሲነሣበት፣ «እውነት አንጻራዊ ነው፤ አንስታይንም ያለው ይህንኑ ነው» አለ። የሚመክሩት ሽማግሌ ሳይንስ ስላልተማሩ ዝም አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩና ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንስታይን እንዲህ አላለም። ንድፈ ሐሳቡ የቆመው ለሁሉም ያው በሆነ ነገር ላይ ነው። የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም አንድ ነው፣ የተፈጥሮ ሕግጋትም እንዲሁ። «አንጻራዊነት» የሚለው ስም ሰዎችን ወዳልሆነ ፍልስፍና እንዳሳተ ራሱ አንስታይን በ1921 በጻፈው ደብዳቤ አምኗል። ከዚህም በላይ ምክንያትና ውጤት አይገለባበጡም። የሁለቱ ችቦዎች ቅደም ተከተል እንደ ተመልካቹ ቢለያይም፣ አንዱ ነገር ሌላውን ካመጣ ግን መንስኤው መቅደሙን በማናቸውም ፍጥነት የሚሄድ ተመልካች ሁሉ ይመሰክራል። ያ ሰው በየትኛውም መንኮራኩር ቢሳፈር ውሸቱ ከሚስቱ ልቅሶ በፊት ነበረ።

በሌላው ወገን ደግሞ እኛ አማኞች የምንሳሳትበት አለ። በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺሕ ዓመት ነው የሚለውን የጴጥሮስን ቃል ይዘው «መጽሐፍ ቅዱስ ከአንስታይን ቀድሞ ተናግሮታል» የሚሉ ሰባኪዎች ሰምቻለሁ። «አሜን» ሲባልም ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልወደውም። ጴጥሮስ የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ነው፤ ስለ ሰዓት አሠራር አይደለም። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 የጻፈው ቤልጅየማዊው ጆርጅ ለሜትር ቄስ ነበር። የሮማው ጳጳስ በ1951 ግኝቱን ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲናገሩ ግን ለሜትር አልተደሰተም፤ እምነት ዛሬ በቆመ ነገ በሚሻሻል ንድፈ ሐሳብ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈለገም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

«አሁን» የሚባለው ነገር

አባቴ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። «መልካም፣ ሰዓቱን ለኩት። ጊዜውን ግን ምንድን ነው አሉት?»

ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት ትልልቅ ሰዎች ተጣልተውበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1922 በፓሪስ አንስታይንና ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን በአንድ ጉባኤ ተገናኙ። ቤርግሶን፣ ሰዓት የሚለካው ጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ሰው በልቡ የሚኖረው ጊዜ ግን ከዚያ ይሰፋል ባይ ነበር። የሚጠብቁት ሰው ሲዘገይ ደቂቃው እንዴት እንደሚረዝም እናንተም ታውቃላችሁ። አንስታይን በአጭሩ፣ የፈላስፎች የሚባል ጊዜ የለም ብሎ መለሰ። በፊዚክሱ ረገድ የረታው አንስታይን ነው፤ ቤርግሶን ሒሳቡን በሚገባ አልያዘውም ነበር። ቢሆንም ጥያቄው አልሞተም።

ያልሞተው በአንስታይን በራሱ ልብ ውስጥም ነው። በሸመገለ ጊዜ ሩዶልፍ ካርናፕ ለሚባል ፈላስፋ «አሁን» የሚባለው ነገር በጣም እንደሚያሳስበው ነግሮታል። ለሰው ልጅ «አሁን» ከትናንትም ከነገም የተለየ ነገር ነው። በፊዚክስ ቀመር ውስጥ ግን «አሁን» የምትባል ቦታ የለችም፤ ቀመሩ ሁሉንም ቅጽበት እኩል ያያል። ሳይንስ ይህን ሊይዘው አለመቻሉ እንደሚያሳዝነውና ምርጫ እንደሌለው አጫውቶታል።

ይህን እያወራሁ እናቴ ከመደቡ ላይ ቀና አለችና አባቴን፣ «ዛሬ ምንድን ነው?» አለችው። «ሚካኤል ነው» አላት። ተመልሳ ጋቢዋን ተከናነበች።

ለእሷ ሦስት ቀን በፊት የሆነው ጠፍቷል፤ የልጅነቷ ወንዝ ግን አለ። አንዳንዴ በጓሮው በኩል ወደ እናቷ ቤት ለመሄድ ትነሣለች፣ እናቷ ከሞቱ ግማሽ ምዕት ሊሞላ ነው። የትኛው ቀን «አሁን» እንደሆነ ለይቶ የሚነግራት አባቴ ነው። ያን ማታ ያንኑ ጥያቄ ሰባት ጊዜ ስትጠይቀው ቆጥሬአለሁ። ሰባቱንም ጊዜ «ሚካኤል ነው» ሲላት ድምፁ የመጀመሪያ ጊዜ እንደተጠየቀ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ በአራተኛው ላይ ታክቶኝ ነበር።

ወደ ቤሶ እንመለስ

ቤሶ መጋቢት 15 ቀን 1955 ዐረፈ። አንስታይን ራሱ ታሞ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ለቤሶ ልጅና ለእህቱ የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያም አንድ ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 18 ቀን እሱም ሞተ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ በመላው ዓለም የሚጠቀስ አንድ ሐሳብ አለ። ለእኛ ለፊዚክስ አማኞች፣ ይላል በሐሳቡ፣ ባለፈውና ባለውና በሚመጣው መካከል ያለው ልዩነት አልለቅ ያለን ሕልም ብቻ ነው። በስንት መጽሔትና ፖስተር ላይ አይቼዋለሁ።

በዚያው ደብዳቤ ግን ሰዎች የማይጠቅሱት ሌላ ነገር አለ። አንስታይን በቤሶ ከሁሉ ይልቅ ያደነቀው፣ ከአንዲት ሴት ጋር ረጅም ዘመን በሰላም ብቻ ሳይሆን በማያቋርጥ ስምምነት መኖር መቻሉን እንደሆነ ይናገራል። እኔ በዚህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም በሚያሳፍር ሁኔታ ወድቄአለሁ ይላል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ትሕትና ለታይታ እንዳይመስላችሁ። አንስታይን ሚሌቫ ማሪችን ያገባት በ1903 ነው። እሷም ፊዚክስ የተማረች ነበረች። በ1914 በበርሊን ትዳሩ ሲናጋ፣ አብረው ለመቀጠል የሚፈልግባትን በጽሑፍ ዘርዝሮ ሰጣት፤ ልብሱ ይታጠብ፣ ምግቡ በክፍሉ ይቅረብለት፣ ፍቅር ግን እንዳትጠብቅ፣ ዝም በይ ሲላት ዝም እንድትል። ሚሌቫ ሁለቱን ወንዶች ልጆች ይዛ ወደ ዙሪክ ሄደች። ያ የ1915 ታላቅ ሥራ የተፈጸመው ልጆቹ ርቀው ቤቱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። በ1919 ተፋቱ፤ ወደፊት የኖቤል ሽልማት ካገኘ ገንዘቡ ለእሷ እንዲሆን በፍቺው ውል ተስማማ፣ ሽልማቱም በ1922 መጣ። በዚያው በተፋቱበት ዓመት የአክስቱን ልጅ ኤልሳን አገባ። እሷ በ1936 እስክትሞት አብረው ቢኖሩም፣ ደብዳቤው «ሁለት ጊዜ» ሲል ይህንንም መቁጠሩ ነው።

የቤሶ ሚስት አና ቪንተለር ትባላለች። አንስታይን ተማሪ ሳለ በአሩ ከተማ ያሳደረው ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ሁለቱን ያስተዋወቃቸውም እሱ ነው። ቤሶ በሳይንስ ስሙ የገነነ ሰው አልሆነም። ጓደኞቹ የሚያውቁት ጅምሩን የማይጨርስ፣ ዕቃ የሚረሳ ሰው እንደሆነ ነው። ታዲያ የዘመኑ ታላቅ የሳይንስ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ያየበት ብልጫ ይህ ነበር።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ሁለት ጊዜ?» አለ። «አዎ» አልኩት። «ምስኪን» አለ፤ ስለ ጊዜው ሕግ ግን ምንም አላለም።

በማግሥቱ

ጠዋት ስነሣ አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲቆጥር አገኘሁት። ሌሊት ሲያሰላ አድሯል። ያንን በዓመት 4.8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ የሚባለውን ቁጥር በራሱ መስፈሪያ እንድመነዝርለት ጠየቀኝ። በስልኬ አስልቼ ነገርኩት፤ በአንድ ዓመት ሁለት ሳድሲት ከስድስት ዐሥረኛ ይመጣል፣ በ70 ዓመት ሦስት ኃምሲት። አባቴ ዕድሜ ልኩን የማይለካ፣ የሚታሰብ ብቻ ነው ሲል የነበረው ሳድሲት በደጋና በቆላ መካከል ላለው ልዩነት ልክ የሚመጥን መስፈሪያ ሆኖ ተገኘ። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ አስቤው አላውቅም።

«እናትህ የቆላ ልጅ ናት» አለኝ። እውነት ነው፤ ከዓባይ በረሃ ነው ያመጣት፣ 20 ዓመት ሆኗት ነበር፣ ያኔ ለልጃገረድ እንደ ዘገየ ይቆጠራል። «ሃያ ዓመት ከታች ከኖረች 52 ሳድሲት አላረጀችም ማለት ነው» አለ። መንደሯ ከወንዙ ከፍ ያለች ስለሆነች ከዚያ ያንሳል ልለው ፈለግሁና ተውኩት። በኋላ ግን መምህር ነኝና አላስቻለኝም፣ ነገርኩት። «እንግዲያው አርባ ይሁን» አለ።

ከዚያ ገባና መደቡ ጫፍ ተቀመጠ። «ሰማሽ? ከተቆጠረልሽ ዕድሜ በአርባ ሳድሲት ታንሻለሽ» አላት።

«ማናት የምታንስ?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ልጃገረድ ሳለች እንደዚያ ስትስቅ የነበረ ይመስለኛል። ቀጥላም «እርስዎ ደግሞ!» አለችው። ጥቂት ቆይታ በበሩ ወደሚገባው ፀሐይ እያየች፣ «ዛሬ ምንድን ነው?» አለች።

አባቴ ተነሣና ግቢው መካከል ቆሞ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠ። እግር በእግር እያስከተለ ጥላውን ሲለካ ቆየና ተመልሶ ገባ። ሚካኤል ትናንት እንዳለፈ፣ ዛሬ 13 እንደሆነ፣ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሙላቱን፣ ልጇ እንደመጣና ዛሬም እንደሚያድር ነገራት።

የመመለሻ ትኬቴ የዚያን ቀን ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለመናኸሪያው ደወልኩ።